ባልየው የሚያውቀውን ከአንባቢ መደበቅ የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ የማታ ብዕር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአሁኑ ጊዜ አንድ ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ስምንት ዓመት በትዳር ስለቆዩ ባልና ሚስት ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሚስትየው ስልኳንና የቤት ቁልፏን ጠረጴዛ ላይ ትታ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያያት ሰው የለም። ተራኪው ባልየው ራሱ ሲሆን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ ይተርካል።

ከመጥፋቷ በፊት በነበረው ሌሊት ባልና ሚስቱ ክፉኛ ተጣልተዋል። በጠቡ መካከል ሚስትየው እሱ የተናገራትንና ያደረገባትን ሁሉ በአንድ ደብተር ስትመዘግብ እንደቆየች ትነግረዋለች። እሱም እሷ ከተኛች በኋላ ደብተሩን ፈልጎ ያገኘዋል፤ እስከ መጨረሻው ያነብበውና ያቃጥለዋል። አልገደላትም፤ የት እንደሄደችም አያውቅም። ለምን እንደሄደች ግን ከማንም በላይ ያውቃል። ይህንን ለፖሊስ አይናገርም፤ ለአንባቢም እስከ ልቦለዱ አጋማሽ ድረስ አይናገርም።

ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ የደብተሩ ነገር ሲገለጥ ደንግጠው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደገና እንዳነበቡ ነገሩኝ። ሌሎቹ ግን ተቆጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ይህን ሁሉ ገጽ የሰውየውን ሐሳብ ስሰማ ቆይቼ ዋናውን ነገር የደበቀኝ እሱ አይደለም፤ አንተ ነህ» አለኝ። ይህ አባባል ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። በአንደኛ መደብ የሚተርክ ባል የሚያውቀውን ነገር ከአንባቢ ሲደብቅ ፍትሐዊ የሚሆነው ምን ሲያሟላ ነው? ሁለተኛው ደግሞ የጠፋችው ሚስት በራሷ ድምፅ መናገር አለባት ወይ የሚለው ነው። ደብተሩ ተቃጥሏልና የምትናገርበት መንገድ አልታየኝም።

መልስ፦ ብራና

አንባቢዎ ያቀረበው ክስ ከባድ ቢሆንም መልስ ያለው ነው። በቅድሚያ ተራኪው የሚደብቀውንና ደራሲው የሚደብቀውን መለየት ይገባል። ተራኪ መደበቅ መብቱ ነው፤ ሰው ሁሉ፣ በተለይ ስለ ትዳሩ ሲያወራ፣ የሚያስቀረው ነገር አለ። ደራሲው ግን ለሴራው ሲል ብቻ የተራኪውን አፍ ከለጎመ፣ አንባቢው ምክንያቱን በቃላት ማስረዳት ባይችል እንኳ አንድ ነገር እንደተጓደለ ይታወቀዋል። የተቆጡት አንባቢዎችዎ የተሰማቸው ይህ ይመስለኛል። እንግዲህ ባልየው የሚደብቀው ከማን ነው? የሚደብቀውስ ለምንድን ነው? ለሁለቱ መልስ ካገኙ የቀረው ነገር ይቀልልዎታል።

ሰው «እኔ» ብሎ ሲተርክ፣ ስሙ ባይጠራም፣ የሚያዳምጠው ሰው አለ። ባልየው ለመርማሪው ቃሉን እየሰጠ፣ ለጠበቃው እየጻፈ ወይም ለሚስቱ ታላቅ እህት ራሱን እያስረዳ ከሆነ፣ ደብተሩን አለማንሳቱ ከገጸ ባሕርይው የሚመነጭ ድርጊት ይሆናል። አድማጭ ከሌለውና አንባቢው ሐሳቡ ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዷን ስሜት እየተከታተለ ከሆነ ግን፣ ሌሊት ደብተር ያቃጠለ ሰው በማግስቱ ስለ ደብተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አለማሰቡን የሚያምን አይኖርም። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምወስነው አድማጩን ነው።

ለምን ይደብቃል ለሚለው፣ እስርን ከሚፈራ ባል ይልቅ የሚያፍር ባል ለዚህ ታሪክ እጅግ የተሻለ ነው እላለሁ። የፈራ ሰው አስቀድሞ አስቦ ይዋሻል፤ ውሸቱም የተስተካከለ ነው። ያፈረ ሰው ግን ወደ ነገሩ ይጠጋል፣ ሊናገር ይቃረባል፣ ከዚያም ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል። ስለ ሚስቱ የእጅ ጽሑፍ ጀምሮ ሳይጨርስ ይተወዋል፤ ማንም ሳይጠይቀው ደግ ባል እንደነበረ ያስረዳል። ይህ መጠጋትና መሸሽ ራሱ ንግር (ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ) ሆኖ ያገለግልዎታል፤ ደብተሩ በተገለጠ ጊዜም አንባቢው ከመጀመሪያው አንድ ነገር ሲጠረጥር እንደቆየ ያስታውሳል።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ልውረድ፤ ፍትሐዊነቱ የሚለካው እዚያ ላይ ነውና። ባልየው ያንን ሌሊት ሲተርክ «ብርድ ስለነበር እሳት አቀጣጠልኩ» ካለ ዋሽቷል፤ እሳቱን ያቀጣጠለው ለብርዱ ብሎ አልነበረምና። «ብርድ ነበር። እሳት አቀጣጠልኩ። ሊነጋ ሲል እጄን ታጥቤ ተኛሁ» ካለ ግን አንድም ቃል አልዋሸም፤ ብርዱን ከእሳቱ ጋር ያገናኘው አንባቢው ራሱ ነው። ኋላ ተመልሶ ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት እንደነበሩ ሲያይ የሚቆጣበት ምክንያት አይኖረውም። የረቂቅዎን የመጀመሪያ ምዕራፎች በዚህ መለኪያ ይፈትሹ። ስለዚያ ሌሊት የተነገረው ሁሉ ምስጢሩን ለማያውቅም ለሚያውቅም አንባቢ እውነት ሆኖ መገኘት አለበት።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ የሚተረክበት ልቦለድ በዚሁ ጉዳይ አንባቢዎችን ከፋፍሎ ነበር። (ያላነበባችሁት ካላችሁ ምስጢሩን ልናገር ነውና የሚቀጥለውን ዝለሉት።) ታሪኩን የሚነግረን ሐኪም ራሱ ገዳዩ ሆኖ ይገኛል። ወንጀሉ የተፈጸመባቸውን ጥቂት ደቂቃዎች ገለልተኛ በሆኑ ቃላት ተሻግሯቸዋል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ወደዚያው ቦታ ይመለስና እያንዳንዱ ቃል እውነት እንደነበረ በራሱ ጥበብ እየተደሰተ ያሳያል። ደራሲዋን ያጭበረበረች አድርገው የቆጠሯት ነበሩ። እኔ ግን ፍትሐዊ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ሐኪሙ የሚጽፍበት የራሱ ዓላማ ነበረው፤ የመርማሪውን ሽንፈት የሚዘግብ መጽሐፍ ለማሳተም አስቦ ነው የጀመረው። ዝምታው ለእሱ ይጠቅመው ነበር። የእርስዎ ባል ዝምታ ለማን ይጠቅማል?

አንድ ነገር ልጨምር። ዌይን ቡዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1961 «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ሐሳብ ሲያስተዋውቅ ልብ ያለው ድርሰቱ በሚከተለው ሚዛንና በተራኪው ሚዛን መካከል ያለውን ርቀት ነበር። በዚህ አገባብ አንድም ሐቅ ያላዛባ ሰው የማይታመን ተራኪ ሊሆን ይችላል። ባልየው የሆነውን ሁሉ በትክክል ቢናገርና ስለ ሆነው ነገር የሚሰጠው ፍርድ ብቻ የተሳሳተ ቢሆን፣ ለምሳሌ የስምንት ዓመት ንቀቱን «ቀልድ» እያለ ቢጠራው፣ ከደብተሩ መደበቅ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ አድማስ

ብራና በጻፉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን እስከ አጋማሽ ድረስ መደበቁ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ከሙያ ባልደረባው ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ በወጣው ውይይት የሰጠው ምሳሌ ይታወቃል። ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የዐሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ይፈጥራል፤ ተመልካቹ ቦምቡ ሲቀመጥ አይቶ ከሆነ ግን ያው ተራ ወሬ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ልቡን ሰቅሎ ያቆየዋል። የእርስዎ ቦምብ ደብተሩ ነው። መቃጠሉን አንባቢው በሦስተኛው ምዕራፍ ቢያውቅ፣ መርማሪው በአምስተኛው ምዕራፍ «ባለቤትዎ ማስታወሻ ትይዝ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈጠረውን ያስቡት። ባልየው ያንን ጥያቄ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል።

የሚስትየውን ድምፅ በተመለከተ፣ ትናገር ባይ ነኝ። ጊሊያን ፍሊን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው «ጎን ገርል» የባልየው ትረካና የሚስትየው የዕለት ማስታወሻ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ሚስትየው በሕይወት እንዳለችና ማስታወሻውን ሆን ብላ እንደፈጠረችው በራሷ አንደበት ትናገራለች። ልቦለዱ ግን እዚያ አያበቃም፤ ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ብዙ መንገድ ይቀረዋል። አንባቢን እስከ መጨረሻው የሚያስከትለው ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው በሌላው ላይ የሚሠሩት ነገር እንጂ የመጥፋቷ እንቆቅልሽ አልነበረም።

መልስ፦ ውብ ቀን

በዚህ ላይ ከአድማስ ጋር አልስማማም። ባልን ለማጥመድ ራሷን የምትሰውር ብልጥ ሚስት አሁን ብዙ ጊዜ የተሄደበት መንገድ ናት። ከዚህም በላይ የጠያቂያችን ታሪክ በተፈጥሮው ሌላ ነው። እዚያ ማስታወሻው የፈጠራ ነበር፤ እዚህ ግን ደብተሩ እውነት ነው፣ ያጠፋውም ስለ እሱ የተጻፈበት ሰው ነው። ሚስትየው ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ወጥታ ሁሉንም ብታስረዳን፣ በባልየው ላይ መፍረድ ለአንባቢው እጅግ ቀላል ይሆንለታል፤ ከተራኪው ጋር በጥርጣሬ አብሮ የመኖር ጭንቀቱም ይጠፋል።

ብራና ያነሷት ደራሲ በራሷ ሕይወት የገጠማት ነገር ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። ያው መጽሐፍ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1926 መጀመሪያ፣ አጋታ ክሪስቲ ከቤቷ ወጥታ ጠፋች። ባሏ አርቺ ሌላ ሴት መውደዱን ነግሯት ፍቺ ጠይቋት ነበር፤ በዚያው ዓመትም እናቷ ሞተውባታል። መኪናዋ በማግስቱ በእንግሊዝ አገር በሱሪ አውራጃ ኒውላንድስ ኮርነር በተባለ ስፍራ ተጥላ ተገኘች። ፖሊስና ሕዝብ ሜዳውንና ኩሬውን ሲያስስ፣ ጋዜጦች በየቀኑ ሲጽፉ፣ ባልየው በተጠርጣሪ ዓይን መታየት ጀመረ። በታኅሣሥ 14 ሐሮጌት ከተማ በሚገኝ ሆቴል ውስጥ በሕይወት ተገኘች። በሆቴሉ መዝገብ የሰፈረው የቤተሰብ ስም «ኒል» የሚል ነበር፤ ይህም ባሏ የወደዳት ሴት ስም ነው።

ሐኪሞች ትውስታዋን እንዳጣች ተናገሩ። ሌሎች ባሏን ለመቅጣት ያደረገችው ነው አሉ። መኪናው፣ ሆቴሉ፣ የተመዘገበው ስም፣ እያንዳንዱ ማስረጃ ለሁለቱም ንባብ እኩል ይሠራል፤ ያንን ስም የታመመች ሴትም የተቆጣች ሴትም ልትጽፈው ትችላለች። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1928 ተፋቱ። ከሞተች በኋላ በታተመው ግለ ታሪኳ ውስጥ እነዚያን ቀናት ጨርሶ አላነሳቻቸውም። እስከ ዛሬ ሰዎች የሚከራከሩበት ዋናው ምክንያት ይህ ዝምታ ይመስለኛል። የጠፋችው ሚስት ዝም ብትል ታሪኩ ባዶ አይሆንም፤ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ዝምታዋን በየራሳቸው ሕሊና መጠን ይሞሉታል፤ ባልየውም እንዲሁ።

ይሁን እንጂ አንባቢው በባልየው ቃል ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ሌላ እማኝ ያስፈልገዋል፤ እማኙም ሰው ባይሆን ይመረጣል። ፓትሪክ ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 ለመድረክ ባቀረበው «ጋዝ ላይት» ባልየው ሚስቱን እያበድሽ ነው እያለ ያሳምናታል፤ በየማታው ግን ከላይኛው ፎቅ የተደበቀ ጌጥ ሲፈልግ እዚያ መብራት ስለሚያበራ፣ እሷ ያለችበት ክፍል የጋዝ መብራት ይደበዝዛል። የሚደበዝዘው መብራት አይዋሽም፣ ወገንም የለውም። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ምንድን ነው? ከእሳቱ የተረፈ የደብተር ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሚስትየው ተመሳሳይ ደብተሮችን የገዛችበት ደረሰኝ፣ በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን ባልየው ካቃጠለው አንድ ደብተር የሚበልጥ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ባልየው ያንን ወረቀት ካየበት ሰዓት ጀምሮ ሚስቱን የሚፈልግበት ምክንያት ሁለት ይሆናል።

ጠያቂው፦ የማታ ብዕር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የብራና ጥያቄ ወደ ውሳኔ አድርሶኛል፤ ባልየው የሚተርከው ለሚስቱ ታላቅ እህት ይሆናል፣ ትረካውም ለእሷ የሚጻፍ ረጅም ደብዳቤ ነው። የደረሰኙንም ሐሳብ ወስጄዋለሁ። አሁን የሚያስቸግረኝ ከመጥፋቷ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ባልየው በእርግጥ ያዝናል፤ ሐዘኑን በጻፍኩ ቁጥር ግን ወይ አስመሳይ ይመስላል፣ ወይ በጣም ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬውን ይገድልብኛል።

መልስ፦ የቤት ጣሪያ

ሥራዬ ቤተሰቦችን ማማከር ስለሆነ በዚህኛው ጥያቄ ላይ ብቻ አስተያየት ልስጥ። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ጥናት ሊቅ ፓውሊን ቦስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ስታጠና «ያልለየለት ማጣት» ልንለው የምንችለውን ሐሳብ አፈለቀች፤ እ.ኤ.አ. በ1999ም በመጽሐፍ አቀረበችው። የሞተ ሰው ይቀበራል፣ ይለቀስለታል፤ የጠፋ ሰው ቤተሰብ ግን ሐዘኑን መጀመርም መጨረስም አይችልም። ቢያለቅስ ተስፋ የቆረጠባት ይመስለዋል፤ ባያለቅስ የረሳት ይመስለዋል። ልብሷን ከቁም ሳጥን ማውጣት እንደ ክህደት ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከሰዓት በፊት ፎቶዋን ይዞ ሲዞር ውሎ ማታ በአንድ ተራ ወሬ ሊስቅ ይችላል፤ በማግስቱም እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ይህን ያየ ጎረቤትም መርማሪም የጥፋተኝነት ምልክት ያገኘ ይመስለዋል። ስለዚህ ሐዘኑ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሊያስጠረጥር ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይጠበቅብዎትም።

የእርስዎ ባል ደግሞ ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለ። ብትመለስ የምትናገረው ነገር አላት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሷ እንድትሆን ይመኛል፤ እንዳትሆንም ይመኛል። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ካሳዩን፣ አስመሳይም ንጹሕም ሳይሆን ይቆምልናል።

ቦስ ሁለተኛ ዓይነት ማጣትም ታነሳለች፤ ሰውየው በአካል አጠገባችን ሆኖ በመንፈስ የሌለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመርሳት ሕመም ነው፤ በሥራዬ ግን በተበላሸ ትዳር ውስጥም አየዋለሁ። ሚስትየው ሐሙስ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ጠፍታ ነበር? ባልየው ያን ጊዜ አልፈለጋትም። ደብተር የምትይዝ ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትጽፈው ለፍርድ ቤት ብላ አይደለም፤ «እንዲህ አላልኩም፣ አንቺ ነሽ የምታጋንኚው» እየተባለች የራሷን ትውስታ መጠራጠር ስለጀመረች ነው። እሱ ሲያቃጥለው የጠፋው ማስረጃ ብቻ አይደለም፤ ለራሷ የያዘችው ምስክርነትም ነው። በእኔ ግምት በልቦለዱ ውስጥ ያለው ትልቁ ወንጀል ይህ ነው፤ የምትጠፋበት ጠዋትም ውጤቱ ነው።

መልስ፦ ብራና

የቤት ጣሪያ የጻፉት ለሁለተኛው ጥያቄም መንገድ ይከፍታል። ደብተሩ ቢቃጠልም አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ስለዚህ የሚስትየው ድምፅ በባልየው ትውስታ በኩል ሊሰማ ይችላል። ለእህትየው በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ ከየት እንዳመጣው ሳይናገር፣ አንዳንድ አባባሎቿን ይጥቀስ፤ በመጀመሪያ ቀላሎቹን፣ ስለ ደብተሩ ከተናዘዘ በኋላ ደግሞ የከበዱትን። ከዚያም አንዷን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያምጣት። በመጀመሪያው ጊዜ «አንዳንድ ቀን ወደ ቤት መግባት ይከብደኛል ትል ነበር» ብሎ አለስልሶ ይጻፋት፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ደብተሩ ላይ እንደነበረች ትምጣ፦ «የእግሩን ኮቴ ስሰማ ምን እንዳጠፋሁ ማሰብ እጀምራለሁ።»

አንባቢው ሁለቱን ሲያስተያይ ሰውየው እስከዚያ ድረስ የነገረውን ሁሉ በምን ያህል እንዳለሰለሰው ራሱ ይገምታል። እህትየውም ደብዳቤውን ስታነብ ያንኑ ታደርጋለች፤ የእሷን ምላሽ ባይጽፉትም ልቦለዱ የሚጎድለው ነገር አይኖርም። መናዘዙን የት ላድርገው ካሉ፣ ደረሰኙን ባገኘበት ምዕራፍ ውስጥ ያድርጉት። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለመሰለው ዝም ብሏል፤ ሌላ ደብተር መኖሩን ሲረዳ ግን እሷ ከመናገሯ በፊት በራሱ አቀራረብ ለመናገር ይጣደፋል። አንባቢዎ «አንተ ነህ የደበቅከኝ» ሊልዎት የማይችለው ያን ጊዜ ነው፤ ዝም ያሰኘውም ያናገረውም ያው የራሱ ምክንያት ሆኗልና።